የቆመው ወንዙ ነው ወይስ ገጹ? በየጊዜው የሚለወጥ ልኬት በስክሪን ላይ ስለሚታይበት አሠራር

ከምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ የሚወርዱት የቢርቢርና የገባ ወንዞች ሲገናኙ ባሮ የሚባለውን ታላቅ ወንዝ ያስገኛሉ። ባሮ ወደ ምዕራብ ወርዶ በጋምቤላ ከተማ መካከል ያልፋል፤ ኢታንግንም አልፎ ከፒቦር ጋር ሲቀላቀል ሶባት ተብሎ ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። አኙዋዎች ኦፔኖ ብለው ይጠሩታል። በጋምቤላ በኩል በዓመት የሚያልፈው ውኃ በአማካይ 13 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ሲሆን፥ የሚበዛው ክፍል የሚያልፈው ከክረምቱ ወራት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። ጎሬ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስትገኝ ጋምቤላ ግን ወደ 500 ሜትር ገደማ ብቻ ናት። ስለዚህ በደጋው የዘነበው ሁሉ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ በጋምቤላ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ በምታቃጥልበት ቀን እንኳ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚባለው ለዚህ አገር ሰው ተረት ብቻ አይደለም።

የባሮን ከፍታ ማወቅ ዛሬ የተጀመረ ጉዳይ አይደለም። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል በኢታንግ አጠገብ በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቅዶ ነበር፤ በኋላም ጣቢያው የተቋቋመው በጋምቤላ ሆነ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከካርቱም የሚነሡ መርከቦች ውኃው በሚሞላባቸው ወራት እየመጡ የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና ይጭኑ ነበር። ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ ጣቢያው በ1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። እንግዲህ ለመርከብ አዛዥ ዋናው ጥያቄ የውኃው ከፍታ ዛሬ ስንት ነው የሚለው ብቻ አልነበረም፤ እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ ነው የሚለውም ነበር። ውኃው ሲቀንስ በጊዜ ያልወጣ መርከብ የሚቀጥለውን ክረምት መጠበቅ ግድ ይሆንበታልና።

ዛሬ በመርከቡ ፈንታ ሌላ ሰው ይጠይቃል። ውኃው ሲሸሽ በወንዙ ዳር በቆሎ የሚዘራው አኙዋ፥ ከብቱን በክረምትና በበጋ ከቦታ ወደ ቦታ የሚያዛውረው ኑዌር፥ ሸቀጡን በጀልባ የሚያሻግረው ነጋዴ፥ ቤቱን በዝቅተኛው ሰፈር የሠራው የከተማ ሰው፥ ሁሉም የሚፈልጉት ያንኑ ነው። በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. ባሮ ከአፉ ወጥቶ የጋምቤላን ከተማ ክፍልና በዳሩ ያሉትን ወረዳዎች ባጥለቀለቀ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሏል።

እኛም ይህን በማሰብ፥ የወንዝ ከፍታ በየጊዜው ሲለወጥ ለውጡን በስልክና በኮምፒዩተር ስክሪን የሚያሳይ አንድ የድረ ገጽ አፕሊኬሽን ለሙከራ አበጀን። በገጹ ላይ ያዋልናቸው ቁጥሮች ለትምህርት ብለን ራሳችን የፈጠርናቸው እንጂ ከወንዙ የተለኩ አልነበሩም። ገጹን ለአንድ የኢታንግ ተወላጅ ለሆነ ባልንጀራችን ባሳየነው ጊዜ ቁጥሩን ለጥቂት ደቂቃ ትኩር ብሎ ተመለከተና፥ «ከመጣሁ ጀምሮ ቁጥሩ አልተለወጠም፤ የቆመው ወንዙ ነው ወይስ ገጹ?» ሲል ጠየቀን። መልስ አልነበረንም። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ መልስ ስንፈልግ ያገኘነውን ለባልንጀሮቻችንና ለመምህራኖቻችን ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

1. ሦስቱ ለውጦች

ነገሩን ከሥሩ ስንመረምረው አንድ ለውጥ ብለን የምንጠራው በእውነቱ ሦስት ለውጥ ሆኖ እናገኘዋለን። የመጀመሪያው የወንዙ ለውጥ ነው፤ ይህ ያለማቋረጥ ይካሄዳል፥ ማንንም አይጠብቅም። ሁለተኛው የተመዘገበው ልኬት ለውጥ ነው፤ ይህ የሚሆነው አንድ ሰው ወይም አንድ መሣሪያ ለክቶ ሰርቨሩ ውስጥ ባስገባ ጊዜ ብቻ ነው። በአገራችን በብዙ የወንዝ መለኪያ ጣቢያዎች እንደ ልማድ አንባቢው በወንዙ ዳር የተተከለውን መለኪያ ዘንግ የሚያነበው በቀን ሁለት ጊዜ፥ ጠዋትና ማታ ነው። ሦስተኛው በተመልካቹ ስክሪን ላይ የሚታየው ቁጥር ለውጥ ነው።

ጀማሪ ፕሮግራመር ዘወትር የሚስተው ሦስቱን እንደ አንድ ስለሚቆጥር ነው። ሁለተኛው ሲለወጥ ሦስተኛው በራሱ የሚለወጥ ይመስለዋል። ነገር ግን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርስ መልእክተኛ ካልተመደበ አንዱ ሲለወጥ ሌላው ባለበት ይቀራል። አንባቢው ዘንጉን አንብቦ ልኬቱን በደብተር ቢጽፍና ደብተሩን ከድኖ ቢሄድ፥ በገበያው ላለው ሰው ምን እንዳልተነገረው ግልጥ ነው። ኮምፒዩተርም ከዚህ የተለየ አይደለም።

2. ገጹ ካልጠየቀ አይነገረውም

ድረ ገጽ በመሠረቱ የሚሠራው በጥያቄና በመልስ ነው። ብራውዘሩ ይጠይቃል፥ ሰርቨሩ ይመልሳል፥ ከዚያም ንግግሩ ያበቃል። ተመልካቹ በእጁ የያዘው በጠየቀበት ሰዓት የተገለበጠ ቅጂ ነው። በሰርቨሩ ያለው ቁጥር ከዚያ በኋላ አሥር ጊዜ ቢለወጥ ቅጂው አያውቅም። ሰው ገጹን ሪፍሬሽ ሲያደርግ አዲስ ቁጥር የሚመጣለት አዲስ ቅጂ ስለ ጠየቀ ነው።

ይህን ሥራ ከተመልካቹ እጅ ወስዶ ለፕሮግራሙ ለመስጠት ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ገጹ ራሱ በየተወሰነ ጊዜ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. ብሬንደን አይክ የፈጠረው ጃቫስክሪፕት የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ በብራውዘር ውስጥ ሲሠራ ለዚህ የሚሆን ጊዜ ቆጣሪ ያገኛል፤ ስሙም ሰት ኢንተርቫል ይባላል። ይህን ሥራ በየዚህን ያህል ሚሊሰከንድ ደጋግመህ ሥራ ብለን እናዘዋለን፤ 1000 ሚሊሰከንድ አንድ ሰከንድ ነው። ሁለተኛው መንገድ የንግግሩን መስመር ሳይዘጉ ማቆየትና አዲስ ነገር ሲኖር ሰርቨሩ ራሱ እንዲናገር ማድረግ ነው። ዌብሶኬት የሚባለው፥ ደንቡ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው አሠራር በሁለቱም ወገን የሚነገርበት መስመር ነው። ከዚህም ሌላ ሰርቨሩ ብቻ የሚናገርበት፥ ቀለል ያለ አሠራር አለ።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? ብዙ ተማሪዎች አዲሱንና ፈጣኑን መምረጥ ይቀናቸዋል። በእኛ አስተያየት ግን መጀመሪያ መጠየቅ የሚገባው ልኬቱ ራሱ በምን ያህል ጊዜ ይለወጣል የሚለው ነው። በቀን ሁለት ጊዜ የሚለካን ወንዝ በየሰከንዱ የሚጠይቅ ገጽ በአንድ ቀን 86400 ጊዜ ይጠይቃል፤ የሚያገኘው አዲስ ነገር ግን ሁለት ብቻ ነው። በየ10 ደቂቃው ቢጠይቅ 144 ጊዜ ብቻ ይሆናል፤ ተመልካቹም ዜናውን ለማግኘት ቢዘገይ ከ10 ደቂቃ ብዙ አያልፍም። የሞባይል ዳታ በገንዘብ ለሚገዛ፥ ስልኩንም ቻርጅ ለማድረግ መብራት ለሚጠብቅ ሰው ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ከዚህም በቀር ገጹ ሲጠይቅ ቀድሞ የያዘውን ቅጂ ምልክት አብሮ ቢልክ፥ ለውጥ በሌለ ጊዜ ሰርቨሩ ሙሉውን መልስ ትቶ «አልተለወጠም» የሚል አጭር መልስ ብቻ ሊሰጠው ይችላል። በአንጻሩ ወንዙን በየጥቂት ሰከንዱ የሚለካ መሣሪያ ቢኖርና የጎርፍ ሰዓት ቢሆን፥ ያን ጊዜ የተከፈተው መስመር ይመረጣል።

ደካማ ኔትወርክ ባለበት አገር አንድ ሌላ ችግር ይገጥማል። ገጹ በየ10 ሰከንዱ ቢጠይቅና መልሱ አንዳንድ ጊዜ 30 ሰከንድ ቢፈጅ፥ የመጀመሪያው ጥያቄ ሳይመለስ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይላካሉ። ከዚያም የኋለኛው መልስ ቀድሞ፥ የፊተኛው መልስ ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል። ፕሮግራሙ የመጨረሻ የደረሰውን ዝም ብሎ የሚያሳይ ከሆነ አሮጌው ቁጥር አዲሱን ይሽራል፤ ወንዙ እየጨመረ ሳለ የቀነሰ ይመስላል። መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛ፥ የሚቀጥለው ጥያቄ የፊተኛው መልስ ከደረሰ ወይም ተስፋ ከተቆረጠበት በኋላ ብቻ እንዲላክ ማድረግ ነው። ሁለተኛ፥ እያንዳንዱ ልኬት የተለካበትን ሰዓት ይዞ እንዲመጣና በስክሪኑ ካለው የቆየ ከሆነ እንዲጣል ማድረግ ነው።

3. ልኬቱ ደርሶ ስክሪኑ ባለበት ሲቀር

ከዚህ በላይ የገለጥነው ልኬቱ እስከ ብራውዘሩ እንዴት እንደሚደርስ ነው። ይሁን እንጂ ደርሶም ላይታይ ይችላል። ይህን በሙከራችን በሚገባ አየነው።

በመጀመሪያው ሙከራ የወንዙ ከፍታ 200 ሳንቲ ሜትር ነው ብለን በአንድ ተራ ተለዋዋጭ ውስጥ አስቀመጥን፤ ጊዜ ቆጣሪውንም በየ10 ሰከንዱ አንድ ሳንቲ ሜትር እንዲጨምር አዘዝነው። በፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን ቁጥር ብንመረምር 201፥ 202፥ 203 እያለ በትክክል ይሄዳል፤ ስክሪኑ ግን 200 እንዳለ ቀረ። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ብራውዘሩ በማኅደሩ ውስጥ ያለውን ቁጥር ሁሉ ሲጠብቅ አይውልም። አንድ ቁጥር ተለውጧልና ገጹን እንደ ገና ሣል ብሎ የሚነግረው ያስፈልገዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. ፌስቡክ ለሕዝብ የለቀቀው ሪአክት የሚባለው የገጽ መሥሪያ ለዚህ ሥራ የራሱ ደንብ አለው። በስክሪን የሚታየው ቁጥር ስቴት በሚባለው ልዩ ስፍራ ይቀመጣል፤ ለመለወጥም የተመደበለትን መለወጫ መጠቀም ግዴታ ነው። በመለወጫው በኩል ካለፈ ሪአክት ያውቃል፥ ገጹንም ያድሳል። በጎን የተለወጠውን ግን አያይም። መዝገብ ቤት ሳይገባ በጎን የተላለፈ ደብዳቤ በመዝገብ እንደማይታይ ማለት ነው።

በሁለተኛው ሙከራ ደንቡን አክብረን ቁጥሩን በስቴት አኖርነው። አሁን ስክሪኑ ከ200 ወደ 201 ተለወጠ፤ ደስም አለን። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት ብንጠብቅ ከ201 አላለፈም። ጊዜ ቆጣሪው እየሠራ ነው፥ መለወጫውም እየተጠራ ነው፥ ቁጥሩ ግን ቆሟል። ጥፋቱ የተገኘው ጊዜ ቆጣሪው በተነሣበት ቦታ ነው። ቆጣሪውን አንድ ጊዜ ብቻ፥ ገጹ በተከፈተ ጊዜ አስነሥተነዋል፤ የሰጠነውም ትእዛዝ በዚያ ሰዓት የነበረውን 200 የሚለውን ቁጥር ይዞ ሄዷል። በየ10 ሰከንዱ ሲነቃ የሚያየው ያንኑ የተሰጠውን ቁጥር ነው፤ በ200 ላይ አንድ ጨምሮ 201 ይላል። ሲላክ የተጻፈለትን ወረቀት ብቻ ይዞ የሚዞር፥ ከተላከ በኋላ የሆነውን የማይጠይቅ መልእክተኛ ነው። መድኃኒቱ ለመለወጫው 201 አድርገው ብሎ የተቆረጠ ቁጥር ከመስጠት ይልቅ፥ አሁን ያለው ስንትም ቢሆን በእርሱ ላይ አንድ ጨምር ብሎ ማዘዝ ነው። እንዲህ ባደረግን ጊዜ ቁጥሩ ያለ እንቅፋት ሄደ።

ሁለቱ ጥፋቶች ለተመልካች አንድ ይመስላሉ፤ በሁለቱም የቆመ ቁጥር ነው የሚታየው። በእውነቱ ግን ተቃራኒ ናቸው። በመጀመሪያው ልኬቱ ሲሄድ ስክሪኑ ቆመ፤ በሁለተኛው ስክሪኑ ታዛዥ ሆኖ ሳለ ልኬቱ ራሱ አልሄደም። ስለዚህ ቁጥሩ በየትኛው ደረጃ እንደ ቆመ ሳይመረምሩ ማረም ጤናማውን እግር ጠግኖ የተሰበረውን እንደ መተው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ እንጨምራለን። ተመልካቹ ገጹን ትቶ ወደ ሌላ ክፍል ሲሄድ ጊዜ ቆጣሪው እንዲቆም ማዘዝ ያስፈልጋል። ካልታዘዘ ይቀጥላል፤ ተመልካቹም ተመልሶ ሲመጣ ሁለተኛ ቆጣሪ ይነሣል፥ ቀጥሎም ሦስተኛ። ያን ጊዜ ስልኩ ይሞቃል፥ ዳታውም ያለ ጥቅም ያልቃል።

4. ጊዜ ቆጣሪው ሲያንቀላፋ

ጊዜ ቆጣሪ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ሰዓቱን ጠብቆ የሚደወል ይመስላል። እንዲህ ግን አይደለም። ጃቫስክሪፕት በአንድ ገጽ ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ ይሠራል፤ ሰዓቱ የደረሰ ትእዛዝ በፊቱ ያለው ሥራ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ከዚህም በላይ ተመልካቹ ወደ ሌላ ገጽ ሲዞር ብራውዘሩ ባትሪ ለመቆጠብ የተሸፈነውን ገጽ ቆጣሪ ያዘገየዋል። ክሮም ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ5 ደቂቃ በላይ ተሸፍኖ የቆየን ገጽ ቆጣሪ በደቂቃ አንድ ጊዜ ብቻ ሊያነቃው ይችላል። ስልኩ ሲቆለፍ ደግሞ ጨርሶ ሊያቆመው ይችላል።

ስለዚህ ያለፈውን ጊዜ የቆጣሪውን መንቃት በመቁጠር መለካት አይገባም። አምስት ጊዜ ነቅቻለሁና አምስት ደቂቃ አልፏል የሚል ፕሮግራም፥ በሌሊት ተኝቶ ያደረ ዘበኛ የሌሊቱን ሰዓት ሲመሰክር ማለት ነው። ትክክለኛው አሠራር ቆጣሪው በነቃ ቁጥር ሰዓቱን አይቶ ከመነሻው ሰዓት መቀነስ ነው። እንደዚሁም ተመልካቹ ወደ ገጹ ሲመለስ ብራውዘሩ ምልክት ይሰጣል፤ ገጹም የቆጣሪውን ተራ ሳይጠብቅ ያን ጊዜውኑ አዲስ ልኬት መጠየቅ ይኖርበታል። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ የሚያይ ሰው የሚያየው ስልኩን ሲከት የነበረውን ቁጥር መሆን የለበትም።

5. የማን ሰዓት?

ልኬት ሁሉ የተለካበትን ሰዓት መያዝ አለበት ብለናል። በአገራችን ግን ሰዓት ማለት ብቻውን በቂ ቃል አይደለም። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋትና ከምሽት ጀምሮ ነው፤ ኮምፒዩተር የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ነው። አንባቢው በደብተሩ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ብሎ የጻፈውን አንድ ጸሐፊ ሳይመልስ ቢያስገባው ኮምፒዩተሩ ቀትር አድርጎ ይወስደዋል፤ የስድስት ሰዓት ስሕተት ይሆናል። ወንዝ በሚሞላበት ቀን ስድስት ሰዓት ብዙ ነው።

በጋምቤላ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ደቡብ ሱዳን ጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች፤ ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ ሰዓት ከእርስዋ ሰዓት አንድ ሰዓት ይቀድማል። ሰዓቱን ከኔትወርክ የሚቀበል ስልክ በድንበሩ አጠገብ የማዶውን ምሰሶ ቢይዝ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ሊል ይችላል። እንዲህ ባለ ስልክ ላይ የስልኩን ሰዓት አይቶ በቀጥታ የሚጽፍ ፕሮግራም አዲሱን ልኬት አሮጌ ሊያደርገው ይችላል።

ይህን ለማስቀረት ዓለም የተስማማበት አንድ መቁጠሪያ አለ። ኮምፒዩተሮች ጊዜን ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ.፥ ማለት ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ ባለፈው ሰከንድ ወይም ሚሊሰከንድ ይቆጥራሉ፤ ይህም በማንም አገር ሰዓት አይለወጥም። በሰርቨሩ መቀመጥ ያለበት ይህ ነው። ወደ ተመልካቹ ሰዓት የሚመለሰው በመጨረሻ፥ በስክሪኑ ላይ ብቻ ነው። ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለመመለስ ብራውዘሮች ራሳቸው መሣሪያ አላቸው፤ ጳጉሜንንም ያውቃሉ። ከንጋት የሚቆጠረውን ሰዓት ግን ፕሮግራመሩ ራሱ ማስላት አለበት፤ ከጠዋት፥ ከቀን፥ ከማታ ወይም ከሌሊት መሆኑንም በቃል መጻፍ ይገባዋል።

6. የልኬቱ ዕድሜ

አሁን ወደ ባልንጀራችን ጥያቄ እንመለስ። እስከ አሁን የዘረዘርነው ሁሉ በትክክል ተሠርቶ እንበል። ገጹ በጊዜው ይጠይቃል፥ የደረሰውን ያሳያል፥ ሰዓቱንም በትክክል ይጽፋል። ቁጥሩ ግን ከትናንት ጀምሮ አልተለወጠም። ወንዙ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ኔትወርክ ተቋርጦም ሊሆን ይችላል። አንባቢው ታሞ፥ ወይም መንገዱ በውኃ ተቆርጦበት መለኪያው ዘንድ መድረስ አቅቶትም ሊሆን ይችላል። ልብ እንበል፤ ልኬት የሚቋረጠው ይልቁንም ጎርፍ በሚበረታበት ሰዓት ነው። መብራት የሚጠፋው፥ ምሰሶ የሚወድቀው፥ መለኪያው ራሱ በውኃ የሚዋጠው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ በጣም አደገኛው ቁጥር የተሳሳተው ቁጥር አይደለም፤ ትናንት ትክክል የነበረውና ዛሬም ትክክል መስሎ የሚታየው ቁጥር ነው።

ከዚህ የተነሣ ሙከራችንን ከመጀመሪያው ባላሰብነው መንገድ ለወጥነው። ልኬቱ ባይለወጥ እንኳ ዕድሜው በየደቂቃው ይለወጣል። ስለዚህ በገጹ ላይ ከሁሉ በፊት በየጊዜው መታደስ ያለበት ቁጥር የወንዙ ከፍታ ሳይሆን ልኬቱ ከተለካ ወዲህ ያለፈው ጊዜ ነው። ይህ ደግሞ ከሰርቨሩ ዘንድ ምንም አይጠይቅም፤ ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል። ገጹ የተለካበትን ሰዓትና በስልኩ ያለውን ሰዓት ያወዳድራል፤ የስልኩ ሰዓት የተዛባ እንዳይሆን ሰርቨሩ በመለሰ ቁጥር የላከውን ሰዓት መዝግቦ ልዩነቱን ያርማል።

በቀን ሁለት ጊዜ ለሚነበብ መለኪያ የወሰንነው ደንብ እንዲህ ነው። ልኬቱ እስከ 12 ሰዓት ድረስ ቢቆይ በልማዱ ነው፤ ገጹ «ከ5 ሰዓት በፊት የተለካ» እያለ ዕድሜውን ብቻ ይናገራል። 13 ሰዓት ካለፈ ቁጥሩ ይደበዝዛል፥ በላዩም «አዲስ ልኬት አልደረሰም» የሚል ይጻፋል። አንድ ሙሉ ቀን ካለፈ ቁጥሩ ከስክሪኑ ይነሣል፤ በቦታው «የዛሬው ከፍታ አይታወቅም፤ በወንዙ ዳር ያላችሁ ተጠንቀቁ» የሚል ይቆማል። ባዶ ስፍራ ሐሰተኛ ጸጥታን ከሚያወራ ቁጥር ይሻላልና።

ከዚህም ሌላ ሁለት ዓይነት ዝምታ መለየት አለበት። ስልኩ ሰርቨሩን ማግኘት ካልቻለ ችግሩ በተመልካቹ ዘንድ ነው፤ ወደ ከፍታ ቦታ ወጥቶ ኔትወርክ ቢፈልግ አዲስ ልኬት ሊያገኝ ይችላል። ሰርቨሩ ተገኝቶ አዲስ ልኬት የለኝም ካለ ግን ችግሩ በመለኪያው ዘንድ ነው፤ ተመልካቹ የቱንም ያህል ቢሞክር አያገኝም፥ የሚሻለው ወንዙን በዓይኑ ማየት ነው። ለሁለቱም «ስሕተት ተፈጥሯል» ብሎ ማለፍ ሰውን ማደናገር ነው። ቃሉም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአኙዋና በኑዌር ቋንቋ፥ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው አንብበው ባረሙት አጻጻፍ ሊቀርብ ይገባል። ስማርት ስልክ ለሌለው ደግሞ አጭር የስልክ መልእክት ያገለግላል፤ እርሱም ቢሆን የተለካበትን ሰዓት ይዞ መሄድ አለበት፥ መልእክት ዘግይቶ ሊደርስ ይችላልና።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የተማርነው በአጭሩ ይህ ነው። የወንዙ፥ የመዝገቡና የስክሪኑ ለውጥ ሦስት ናቸው፤ በየመካከላቸው መልእክተኛ ያስፈልጋል። ገጹ የሚጠይቅበት ጊዜ ልኬቱ ከሚለወጥበት ጊዜ ጋር ይመጣጠን። የደረሰው ልኬት ስክሪኑ በሚያውቀው በር ይግባ። ጊዜ ቆጣሪን የሰዓት ምስክር አናድርገው። ከሁሉም በላይ ገጹ ያወቀውን ብቻ ሳይሆን ካወቀው ወዲህ ምን ያህል እንደ ቆየ ይናገር።

ዛሬ ይህን ዓይነት ሥራ ስንማር ቁጥሩ በስክሪኑ ላይ ሲንቀሳቀስ ማየት ያስደስተናል፤ ከተንቀሳቀሰም ሥራው የተፈጸመ ይመስለናል። ነገር ግን በባሮ ዳር ለተኛች አንዲት እናት የሚጠቅማት የቁጥሩ መንቀሳቀስ ሳይሆን ልትተማመንበት መቻሏ ነው። ጎርፉ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ትክክለኛ ቁጥር «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው፤ ሳይመጣ የቀረውን እንደ መጣ የሚያስመስል ገጽ ደግሞ ጨርሶ ካልጮኸው ውሻ ይከፋል።

ገጹን ካረምን በኋላ ለዚያው ባልንጀራችን እንደ ገና አሳየነው። ሆን ብለን መስመሩን ቆርጠነው ነበር። ጥቂት ተመለከተና፥ «ገባኝ፤ የቆመው ገጹ ነው፥ ራሱም ይናገራል» አለ። ከዚያም ስልኩን አንሥቶ ወደ ኢታንግ እናቱ ዘንድ ደወለ።